ስለ ልጆች እድገት ጠይቁ፣ ሲስተር ትመልሳለች (ባሕር ዳር)

ሲስተር፦ ዛሬ ማታ አለሁ። የልጁን እድሜ ሳትጽፉ ግን አትጠይቁኝ።

የቡሬዋ፦ ሲስተር እንደምን አመሹ፣ ልጄ 3 ዓመቱ ነው ቃል የለውም፣ ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ኦቲዝም ነው አለኝ። ጆሮውማ ደህና ነው፣ በር ሲዘጋ ይደነግጣል።

ሲስተር፦ እታለም፣ ይቺን "በር ሲዘጋ ይደነግጣል" ስንቴ ሰማኋት መሰለሽ! በር ሲላተም ወለሉም ይነዝራል ድምፁም ወፍራም ነው፣ ንግግር የሚለየው ግን በቀጫጭኑ በ"ሰ" በ"ፈ" ነው። አንዴ ከመርዓዊ ወዲያ የመጣ ልጅ አባቱ "ይሰማል" ብሎ ሊምልልኝ ደረሰ። ከኋላው ጣሳ ወለል ላይ ጣልኩ፣ ዞረ፣ አባትየው "አላልኩሽም?" አለ። ከዛ እዛው ቆሜ የከረሜላ ልጣጭ አንኮሻኮሽኩ። ከረሜላ የሚወድ ልጅ ነው እኮ፣ ንቅንቅ አላለም። ሲመረመር ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ስለዚህ መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ሪፈር አጽፊ፣ የኔ ከረሜላ ምርመራ አይተካም። በደንብ እየሰማ ካልዞረ፣ የፈለገውን በጣቱ ካላሳየሽ፣ አውሮፕላን ሲያይ ዞሮ "አየሽ?" በሚል ዓይን ካላየሽ፣ ያኔ ስለ ኦቲዝም እናወራለን። ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ጆሮው ታመመ ማለት ኦቲዝም የለም ማለት አይደለም።

የሞጣው፦ አማቴ እንጥሉ ቢቆረጥ ይናገራል አሉ፣ ልጁ 2 ዓመቱ ነው

ሲስተር፦ አይቆረጥም። ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ለንግግር ምንም አይፈይድም። ጆሮውን አስመርምሩ።

ደብረ ማርቆስ፦ ሲቲ ስካን ላሠራለት? 5 ዓመት

ሲስተር፦ ኦቲዝም በስካንም በደምም አይታይም፣ ልጁን በማየትና እናንተን በመጠየቅ ነው የሚለየው። ሐኪም ለሌላ ምክንያት ካላዘዘ ብርህን ያዝ።

የደጀኗ፦ የኔ አርፎ አይቀመጥም

ሲስተር፦ እድሜ!!

የደጀኗ፦ 4

ሲስተር፦ የ4 ዓመት ልጅ አርፎ ተቀምጦ ያየሁት ሲያመው ነው። ቤትም አጸደ ሕጻናትም እንደዛው ከሆነ፣ ከ6 ወር ካለፈና ከእኩዮቹ ከባሰ አምጪው። በዚህ እድሜ የሚጀመረው ከወላጅ ስልጠና ነው፣ ከኪኒን አይደለም።

ዳንግላ፦ ይሄ ሁሉ የስልክ ጣጣ ነው፣ ጠበል ይውሰዷቸው

የቡሬዋ፦ እኛ ቤት ስማርት ስልክ የለም እኮ ወንድሜ

ዳንግላ፦ እንግዲህ ዓይነ ጥላ ነዋ

የሞጣው፦ እኔ ጠበሉንም ሐኪሙንም ይዣለሁ፣ ምን ችግር አለው

ሲስተር፦ ስልክ ኦቲዝም አያመጣም፣ አብሮ የሚወራበትን ሰዓት ግን ይበላል። ጠበል እኔም እሄዳለሁ። የሚጥል በሽታ ኪኒን ጠበል ገባን ብላችሁ ያቋረጣችሁ ግን ልጁን እያስጣላችሁት ነው፣ አታቋርጡ።

ፍኖተ ሰላም፦ የኦቲዝም መድኃኒት ስንት ነው?

ሲስተር፦ የሚያድን ኪኒን የለም። ልሽጥልህ የሚልህን ሽሸው።

የቢቸናዋ፦ ሲስተር ልጄ አይናገርም ምን ላድርግ

ሲስተር፦ ኧረ በእመቤቴ! እድሜ፣ ጆሮ፣ ከላይ አንብቢ።

የቢቸናዋ፦ 2 ዓመት ከ2 ወር፣ ድሮ "እማ" "ውሃ" ይል ነበር፣ ከፋሲካ ወዲህ ተወው

ሲስተር፦ ውይ እህቴ፣ ይሄንን መጀመሪያ አትነግሪኝም! የነበረውን ቃል የጣለ ልጅ ሳይታይ አንድ ቀን ማደር የለበትም። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፣ ሲናገር የተቀረጸ ቪዲዮ ካለሽም እንዳታጠፊው።