«ማሳያው ላይ ልጄን አየሁ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም»

ጥያቄ፦ የ33 ዓመት ወንድ ነኝ። ባለቤቴ የ20 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ሳምንት ለአልትራሳውንድ ምርመራ አብሬያት ገባሁ። ምስሉ ገና ብቅ ሲል እንባዋ ወረደ፤ እጄን ጨብጣ «አየኸው?» አለችኝ። እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። ከግራጫ ጭጋግ በቀር የታየኝ ነገር አልነበረም። ትዝ የሚለኝ ማሳያው ጥግ ላይ የነበረው የልብ ምት ቁጥር ብቻ ነው፤ 148 ይላል። ስንወጣ «ደስ አላለህም እንዴ?» ብትለኝ «ብሎኛል» አልኳት፤ አላመነችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደተኳረፍን ነን። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ጽንስ በ10ኛው ሳምንት አጥተናል። ያኔ የገባን ባለሙያዋ ማሳያውን ወደ ራሷ አዙራ ዝም ስትል ነበር። እሱ ግን ያለፈ ነገር ነው። ለገዛ ልጁ ምንም የማይሰማው ሰው እንዴት አባት ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ «እሱ ግን ያለፈ ነገር ነው» የምትለው ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ።

ምንም አልተሰማኝም ትላለህ፤ ነገር ግን ከሳምንት በኋላም ቁጥሩን አልረሳኸውም። የጽንስ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ጤናማ ነው፤ 148 ደግሞ መሐል ላይ ነው። ይህን ግን አንተም ሳታውቀው አልቀረህም፤ ዓይንህን ከቁጥሩ ያልነቀልከው ቢጠፋስ ብለህ ነውና። ባለፈው ጊዜ ማሳያው ፊት ቆመህ የጠበቅኸው ደስታ ነበር፤ ያገኘኸው ዝምታ ነው። በዚህኛው ጊዜ ልብህ በሩን ዘግቶ ዘብ ቆመ። እርግዝና የጨነገፈባቸው ወላጆች በሚቀጥለው እርግዝና ስሜታቸውን እንዲህ ቆጥበው ሲይዙ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አያለሁ። የፍቅር ማነስ ብለህ አትተርጉመው።

ስለ ጭጋጉም አንድ ነገር ልበል። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሆድ ልኮ፣ ነጥሮ ሲመለስ ነው ምስል የሚሠራው። አጥንት ነጭ፣ ውኃ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ያልለመደ ዓይን ከዚያ ውስጥ ፊት ለይቶ ባያወጣ አይፈረድበትም። በስኮትላንድ ይሠራ የነበረው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የጽንስ ምስል ያለበትን ጥናት ያሳተመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ አባቶች ሁሉ ልጃቸውን የሚያዩት ሲወለድ ነበር። ማሳያ ፊት የሚያለቅስ አባት እንግዲህ አዲስ ሥርዓት ነው፤ በየስልካችን የሚዘዋወሩት ቪዲዮዎችም ግዴታ አስመስለውታል። ደርቆ የቆመውን አባት ቀርጾ የሚለጥፍ የለማ!

ባለቤትህ ደግሞ ማሳያው ፊት የቀረበችው ከልጁ ጋር ለወራት ተዋውቃ ነው፤ ሲያጥወለውላት፣ ሲደክማት፣ ምናልባትም እንቅስቃሴው ሲሰማት ከርማለች። ከውጭ በእጅ የሚዳሰስ እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሳምንታት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እሷ የምታውቀውን አየች፤ አንተ ገና እየተዋወቅህ ነው።

ያስቀየማት መድረቅህ አይመስለኝም። «ብሎኛል» ማለትህ ነው። አብራህ የምትኖር ሴት ባዶ ቃል ከምንም በፊት ትለያለች። ደግሞስ እንባዋ የደስታ ብቻ መሆኑን በምን አወቅህ? ያቺ ዝም ያለች ባለሙያ ፊት የተኛችው እሷ ነበረች።

ስለዚህ እንዲህ በላት፦ «ልጁን ሳይሆን ቁጥሩን ነበር የማየው። እንዳይቆም ፈርቼ ነው።» አታሳምረው። ስትነግራት ብታለቅስ አትደንግጥ፤ ለማባበልም አትቸኩል።

ለሚቀጥለው ምርመራ ደግሞ ባለሙያዋ ገና ሳትጀምር ያለፈውን ነግራችሁ፣ ከሁሉ አስቀድማ የልብ ምቱን እንድታሳያችሁ ጠይቁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የዝምታዋን ደቂቃ ግን ታሳጥራለች። ቤት ውስጥም ማታ ማታ ወደ ሆዷ ጠጋ ብለህ አውራ። ከ25ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ጽንሱ ድምፅ ይሰማል፤ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከቀጭኑ ይልቅ ሆድ አልፎ ይገባል። ምን ልበል ካልክ ውሎህን ንገረው። መጀመሪያ ላይ ሞኝነት ይመስልሃል፤ ይምሰልህ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ከሰው መራቅ ወይም መጠጥ ማብዛት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብህ ባለሙያ ዘንድ ሂድ። ከእርግዝናው ጊዜ አንሥቶ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከአሥር አባቶች አንዱን ያህል የድብርት ሕመም እንደሚያገኘው ጥናቶች ያሳያሉ፤ ብዙዎቹም ድካም ነው እያሉ ያልፉታል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ስለ መጀመሪያው ጽንስ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ያወራችሁት መቼ ነው? መልስህ «አውርተን አናውቅም» ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ከ148 በፊት ከእሱ ጀምር።