የካንሰር ክፍሉ ለምን በሴቶች ተሞላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ47 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የ43 ዓመት እህቴ የጡት ካንሰር ይዟት ደሴ ሆስፒታል ኬሞ እየወሰደች ነው። በየሦስት ሳምንቱ ይዣት የምወጣው እኔ ነኝ። ወረፋ ስንጠብቅ ዙሪያዬን አያለሁ። ከአሥሩ ሰባቱ ስምንቱ ሴት ነው፤ አብዛኞቹም የእህቴ እኩዮች ናቸው። ወንድ ካየሁም አስታማሚ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «ካንሰር የሴት በሽታ ነው» ይላሉ። እውነት ነው? ባለቤቴ 39 ዓመቷ ነው፤ እሷስ ምን ታድርግ? እኔ ከኪንታሮት በቀር ደህና ነኝ። እሱንም የባህል መድኃኒት እየቀባሁት ሰባት ወር ሆነኝ።

መልስ፦ እህትዎን ይማርልን። በእኛ በወሎዎች አነጋገር፣ አብሽሩ።

በዓይንዎ ያዩት ልክ ነው። ባልደረቦችዎ ግን ተሳስተዋል።

በአገራችን በየዓመቱ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው አዲስ ካንሰር እንደሚገኝበት ይገመታል። ከሁሉም የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው፤ በሴቶች ላይ የማህፀን በር ካንሰር ይከተለዋል። የአዲስ አበባው የካንሰር ምዝገባ ሲጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተመዘገቡት 3 ሰዎች 2ቱ ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ ሴቶች መብዛታቸው እውነት ነው።

ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆኖ በሽተኛ መቁጠር፣ ሰኞ ገበያ ቆሞ የወሎን ሕዝብ እንደመቁጠር ነው። የሚቆጠረው ገበያ የወጣው ብቻ ነው። በየሳምንቱ የሚመጣው ደግሞ ደጋግሞ ይቆጠራል። እህትዎ ኬሞውን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ትመላለሳለች። ከዚያ በኋላም ክትትል አለ፤ ለብዙዎቹ ለ5 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚዋጥ ኪኒን አለ። ባጭሩ ለክፍሉ ደንበኛ ሆናለች። የጉበት ካንሰር ያለበት አባወራ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሆዱ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ነው። አንድ ቀን ይታያል፣ ለቤተሰቡ ይነገራል፣ ወደ ቀዬው ይመለሳል። እርስዎ አጠገብ ተቀምጦ ወረፋ አይጠብቅም። የጉሮሮና የጨጓራ ካንሰርም እንደዚያው ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው ሽማግሌ ደግሞ ሽንት ሲያስቸግራቸው «እርጅና ነው» ብለው ዝም ይላሉ። እንዲያውም የጡት ካንሰር ራሱ ወንድን አይምርም፤ ከ100 ታማሚ 1 ያህሉ ወንድ ነው።

የዕድሜውም ነገር ከዚህ አይለይም። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ 20 ዓመት እንኳን አልሞላውም፤ አዛውንት ጥቂት ነው። የ60 ዓመት ሴት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ40 ዓመቷ ይበልጣል። ነገር ግን የ40ዎቹ በቁጥር ስለሚበዙ ክፍሉን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ እናቶቻችን «እኔማ አርጅቻለሁ፣ ገንዘቡ ለልጆቹ ይሁን» ብለው ቤት ይቀራሉ። ይህን ከአንድ እናት ብቻ አይደለም የሰማሁት።

ከመጡት ውስጥም አብዛኞቹ ዘግይተው ነው የሚመጡት። የጡት እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ካላመመ ደግሞ ከአምባሰል ወይም ከኩታበር ተነስቶ፣ ሥራ ፈትቶ ማን ደሴ ይመጣል? ሌላው እኔን የሚያናድደኝ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ነገር ነው። ለምርመራ ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰርን አያሰራጭም። የሚሆነው ምን መሰላችሁ? ሴትየዋ ወሬውን ፈርታ ዓመት ትቆያለች። ጡቷ ቆስሎ፣ በሽታው ሳንባ ገብቶ ትመጣለች። ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ብታርፍ ሰፈሩ «አላልንም!» ይላል። ወሬውም አንድ ምስክር ያገኛል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። የእህትዎ በሽታ በዘር እሷን አያሰጋትም፤ በደም አይገናኙም። የሚመለከተው ሌሎች እህቶቻችሁንና የእህትዎን ሴት ልጆች ነው። እናቷ ወይም እህቷ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ስጋቷ እጥፍ ገደማ ይሆናል። እነሱ ምልክት ሳይጠብቁ ለሐኪም ይታዩ። ባለቤትዎ ደግሞ ዕድሜዋ ለማህፀን በር ምርመራ ትክክለኛው ነው፤ ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል። ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ባለሙያዋ ማህፀን በሩን እንደ አቼቶ ባለ ፈሳሽ ትቀባለች፤ ነጭ ነገር ከታየ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን። ወደ ካንሰር እስኪለወጥ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ ለመያዝ ሰፊ ጊዜ አለ። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ስጋታቸው 6 እጥፍ ስለሆነ ቀደም ብለው፣ ከ25 ዓመት ይጀምሩ። ሴት ልጅ ካላችሁ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱን ትውሰድ፤ በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር።

አሁን ስለ እርስዎ። እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት የመጨረሻዋ መስመር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ኪንታሮት ነው ያለዎት ማነው? ሐኪም አይቶት ነው ወይስ ደም ስላዩ? ደም የሚያይ ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው በእርግጥም ኪንታሮት ነው። ነገር ግን የትልቁ አንጀት ካንሰርም እንዲሁ ይደማል። ወንዶች አፍረን «ኪንታሮት» የምንለውን እየቀባን ወራት እንገፋለን። ከደሙ ጋር ሰገራዎ ከቀጠነ፣ ድርቀትና ተቅማጥ ከተፈራረቀብዎ፣ ወይም ቀበቶዎን ወደ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ካሳለፉ ነገሩ ይቸኩላል። ምንም ባይኖር እንኳን በ47 ዓመትዎ ሰባት ወር ያልዳነ ነገር መታየት አለበት። መጀመሪያ ሐኪሙ በጓንት፣ በጣቱ ይመረምርዎታል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያሳፍራል እንጂ ብዙም አያምም። የደም ማነስ ምርመራም ይታዘዝልዎታል። ካስፈለገ አንጀትን በካሜራ ወደሚያይ ሐኪም ይልክዎታል።

የእህትዎን ቀጣይ ቀጠሮ ሳይጠብቁ እዚያው ኮምቦልቻ በዚህ ሳምንት ይታዩ። ካልተመቸዎት ግን እሷ መድኃኒቱ ሲንጠባጠብላት እርስዎ ተመላላሽ ክፍል ሄደው በራስዎ ስም ካርድ ያውጡ።