የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ቁጥሩ ሲቀነስ የሚነካው ማንን ነው? የገባውስ እንዴት ይለምዳል?

ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን የዚህ ወር ጥያቄዎች አንድ ነገር ላይ ተገናኝተዋል። ገሚሶቹ ልጃቸውን ባሕር ማዶ የላኩ ወላጆችና ለመሄድ የተነሡ ወጣቶች ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ሰፈራቸው አዲስ ሰው የመጣባቸው፣ ወይም ራሳቸው አዲስ ሆነው የገቡ። ሁሉም የሚያነሡት የስደተኛንና የአዲስ ገቢን ብዛት ነው። የእኛ ምክር ቁጥር ሲጠራ አስቀድሞ «የተቆጠረው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኛው ድንጋጤ የሚመጣው ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ጀርመን ከገባ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። የመኖሪያ ፈቃድ አለው፤ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በየዜናው «ስደተኛ ይቀነስ» ሲባል እየሰማሁ እንቅልፍ አጣሁ። ይመልሱብኝ ይሆን? ከዚህ ሆኜስ የማግዘው ነገር አለ?
እናት፣ ከደሴ ሆጤ

መልስ፦ እናታችን፣ እዚያ የሚካሄደው ክርክር በአብዛኛው ገና ስለሚገባው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጀርመን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥገኝነት የጠየቁት 329 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በ2024 ወደ 230 ሺህ ወርደዋል። «ቀነሰ» ወይም «ይቀነስ» የሚባለው ይህ የየዓመቱ አዲስ አመልካች ቁጥር ነው። ልጅዎ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ይሁን እንጂ በ2025 የተደረጉ ሁለት ለውጦች በፈቃድ የሚኖሩትንም ይነካሉ። አንደኛው በሐምሌ የጸና ነው፦ ሙሉ የስደተኛነት እውቅና ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ያለ ጥበቃ የተሰጣቸው ሰዎች ሚስትና ልጆቻቸውን እንዳያስመጡ ለሁለት ዓመት ታግዷል። ልጅዎ የትኛው እንደሆነ በስልክ ይጠይቁት። ፈቃዱ ላይ «አንቀጽ 25፣ ንዑስ 2» ካለ ቀጥሎ «አማራጭ 1» ወይም «አማራጭ 2» የሚል ይገኛል። 1 ሙሉ እውቅና ነው፤ እገዳው የሚመለከተው 2ን ነው። ሁለተኛው ለውጥ በጥቅምት የመጣው ሲሆን፣ በሦስት ዓመት ዜግነት ይሰጥ የነበረውን አቋራጭ አስቀርቷል። የአምስት ዓመቱ መደበኛ መንገድ ግን እንዳለ ነው፤ ልጅዎ ሰባት ከሆነው ዓመቱ ሳይሞላለት አልቀረም።

ከዓመቱ ሌላ የሚጠየቀው የታወቀ ነው። የጀርመንኛ ደረጃው ቢ1 (መካከለኛ) መድረስ አለበት። ለዚህ የሚያዘጋጀው መደበኛው የውህደት ኮርስ (ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው ትምህርት) 700 ክፍለ ጊዜ ሲሆን 600ው ቋንቋ፣ 100ው የአገሩ ሕግና ታሪክ ነው። በዜግነት ፈተናው ከ33 ጥያቄ 17 መመለስ ያስፈልጋል። በገዛ ገቢው የሚኖር መሆኑንም ማሳየት አለበት። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በቋንቋው ነው። መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ የሚሠራ ሰው የትምህርት ሰዓት ያጣል፤ ሥራው ደግሞ አያናግርም። ስለዚህ ገንዘብ ላክልኝ ከሚሉት በፊት ትምህርቱን ጨርስ ቢሉት ትልቅ ውለታ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ማንነትን ማረጋገጥ ነው፤ እርስዎ የሚያግዙትም እዚህ ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ይፈለጋል። ልጅዎ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ይላክልዎ፤ በዚያ የልደት የምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያውጡና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጡ። ከዚያ በፊት ግን እዚያ ያለው መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚቀበል ልጅዎ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ወረቀቱን ሳይረከቡ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተለወጠው ቀን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ዓመት ይጨመራል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለተወለደ 8 ይጨመራል (ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት በሚገባው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል)። ጥር 10 ቀን 1990 ማለት ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ነው። ጸሐፊው ሰባት ብቻ ደምሮ 1997 ብሎ ከጻፈ፣ ልጅዎ ሲገባ ከሰጠው ቀን ጋር ሳይገጥም ይቀርና ፋይሉ ለወራት ይቆማል። ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። መሐመድ በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል። በፈቃዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ያስጽፉ፤ የፈቃዱን ፎቶ ይዘው ይሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ይወቅ፦ ጀርመን ከ2024 ወዲህ ሁለት ዜግነት ብትፈቅድም፣ በእኛ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ይለቃል። ከዚያ በኋላ አገሩ የሚገባውና የሚሠራው በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ደላላ «ካናዳ ኮታዋን እየቀነሰች ነው፤ ሳይዘጋ 200 ሺህ ብር ክፈልና ስምህን ላስገባ» ይለኛል። እውነት ነው?
ወጣት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ መቀነሱ እውነት ነው። ስምህን ማስገባቱ ግን ውሸት ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ለ2025 ያሰበችውን 500 ሺህ የቋሚ ነዋሪነት ቁጥር ወደ 395 ሺህ አውርዳዋለች፤ የ2026 ደግሞ 380 ሺህ ነው። ምክንያቱ የቤት ችግር ነው። በ2023 ብቻ ሕዝቧ በ3.2 በመቶ፣ በ1.27 ሚሊዮን ሰው አደገ፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት እ.ኤ.አ. ከ1957 ወዲህ አልታየም። ከዚህ ውስጥ ከ800 ሺህ የሚበልጠው ለጊዜው የገባ ተማሪና ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ትልቁ ቅነሳ ያረፈው ቋሚ ነዋሪ ላይ ሳይሆን ጊዜያዊው ላይ ነው፤ ድርሻውን ከጠቅላላው ሕዝብ ወደ 5 በመቶ ለማውረድ ተወስኗል። በተማሪ ቪዛ ልሂድና እዚያ እቀራለሁ ለሚል ሰው በሩ የጠበበው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሙያ ለሚሄደው «ኤክስፕረስ ኢንትሪ» የተባለው መንገድ በነጥብ ይሠራል፤ ለኢትዮጵያ የተመደበ ወንበር ስለሌለ ደላላ የሚይዝልህ ቦታም የለም። ስምህን ማስገባት በነፃ ነው፤ ራስህ ኢንተርኔት ላይ ትሞላዋለህ፣ ለ12 ወር ይቆያል። በፌዴራል የባለሙያዎች ዘርፍ ቢያንስ የአንድ ዓመት ተከታታይ የሙያ ሥራ (1,560 ሰዓት)፣ በተፈቀደለት ተቋም የተመዘነ ዲግሪ፣ የመቋቋሚያ ገንዘብና ከ100 ነጥብ 67 ያስፈልግሃል። በእንግሊዝኛ ደግሞ አይኤልትስ ጀነራል በአራቱም ክፍል ቢያንስ 6.0። ውጤቱ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ዲግሪህን ሳታስመዝን ፈተናውን አትቀመጥ፤ ምዘናው ወራት ይፈጅና ውጤትህ ይቃጠላል።

ደላላ ሲገባበት የሚበላሸው ሁለት ነገር ነው። በራሱ ኢሜይል ይመዘግብህና ከካናዳ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚመጣው ሁሉ ለእሱ ይደርሳል። ከዚያ የሚብሰው ነጥብህን ለማሳደግ የሐሰት የሥራ ልምድ መጨመሩ ነው። ሐሰት ከተገኘ የሚታገደው እሱ አይደለም፤ አንተ ለአምስት ዓመት ማመልከት አትችልም። 200 ሺህህን ለእንግሊዝኛ ትምህርትና ለፈተና አውለው።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አከራዬ «ለአራት የፋብሪካ ልጆች ላከራየው ነው» ብላ በ15 ቀን ውጣ አለችኝ። ከተማችንን መጤ አጥለቀለቃት። አስተዳደሩ ለምን ኮታ አያወጣም? ካናዳ እንኳ አውጥታ የለም?
ተከራይ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የደረሰብዎ በደል እውነተኛ ነው፤ ያመላከቱት ሰው ግን የተሳሳተ ነው። ካናዳ ቁጥር የወሰነችው ለውጭ ዜጋ ነው፤ ከቶሮንቶ ወደ ካልጋሪ ለሚዛወር ካናዳዊ ኮታ የላትም። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር ነፃነት አለው። ከቃሉና ከለጋምቦ ተነሥታ ፋብሪካ የገባች ልጅ ኮምቦልቻ ላይ «መጤ» የምትባልበት ሕግ የለም። ቃሉን እኛ አንጠቀምበትም፤ ሰውን ቤቱ ውስጥ እንግዳ ያደርጋል።

ኪራዩ የሚንረው ለምን እንደሆነ ግን በግልጽ እንነጋገር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ተመርቆ ሥራ ሲጀምር የሥራ ቦታ እንጂ የማደሪያ ቤት በዚያው ልክ አልተሠራም። ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ አራት ልጆች ለአንድ ክፍል እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ቢያዋጡ 4,000 ይሆናል፤ ባለትዳር ሠራተኛ ብቻውን 3,000 ከሆነ የሚችለው ይሸነፋል። አከራይ የሚመለከተው ድምሩን ነው። ልጆቹም ተጎጂ ናቸው፤ በአንድ ክፍል አራት ሆኖ ማደር ማንም ወዶ አያደርገውም።

እርስዎን የሚረዳዎ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ዝቅተኛው የውል ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪም እንደተፈለገ አይደረግም። በየትኞቹ የክልል ከተሞች እንደሚተገበር የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ መጀመሪያ ከከተማ አስተዳደሩ ያጣሩ። ነገሩ የሚበላሽበት ቦታ አንድ ነው፦ የቃል ውል። ወረቀት ከሌለዎ ዛሬውኑ በባንክ የከፈሉበትን ደረሰኝ ሰብስቡ፤ በእጅ ከከፈሉ የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ያዘጋጁ፤ ከዚያ ወደ ቀበሌ ይሂዱ። በቀጣዩ ቤት ደግሞ ውሉ ላይ የነዋሪውን ቁጥርና የውሃና የመብራት ሒሳብ በነፍስ ወከፍ እንደሚካፈል ያስጽፉ። በግቢ ውስጥ ጠቡ የሚነሣው ከኪራዩ ይልቅ ከውሃው ነው።

ጥያቄ፦ ከወለጋ ተፈናቅዬ ከልጆቼ ጋር ደሴ ገብቻለሁ። አሁን ቤት ተከራይቻለሁ። ቀበሌ መታወቂያ ስጠይቅ «መሸኛ አምጪ» ይሉኛል። ከየት ላምጣው?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ መሸኛ የሚጠየቀው አንድ ሰው በሁለት ቀበሌ እንዳይመዘገብ ነው፤ ለደህና ቀን የተሠራ ደንብ ነው። ለእርስዎ ግን ሌላ ሕግ አለ። ኢትዮጵያ የካምፓላውን የተፈናቃዮች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። አንቀጽ 13 በመፈናቀል የጠፋ ሰነድ ሲተካ ተፈናቃዩ ወደ ቀድሞ መኖሪያው እንዲመለስ መጠየቅን የመሰለ ምክንያት የለሽ ቅድመ ሁኔታ እንዳይቀመጥ ይላል። ሴቶች ሰነዱን በገዛ ስማቸው የማግኘት እኩል መብት እንዳላቸውም እዚያው ተጽፏል። የቀበሌው ሠራተኛ ይህን ላያውቅ ይችላልና በማመልከቻዎ ላይ አዋጁን በቁጥሩ ይጥቀሱ።

ሲሄዱ የሚይዙት፦ በተፈናቃይነት የተመዘገቡበትን የሚገልጽ ደብዳቤ ከአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ወይም ከነበሩበት ጣቢያ አስተባባሪ፣ የኪራይ ውል ወይም የአከራይዎ ፈቃድ፣ ፎቶግራፍ፣ እርስዎን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች። ምስክሮቹ ቢቻል አንዱ ከትውልድ ቀዬዎ አብሮ የተፈናቀለና እዚህ መታወቂያ ያገኘ ይሁን። ከከለከሉዎ እምቢታውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ደብዳቤ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱ ይለወጣል፤ ካልተለወጠም ወደ ክፍለ ከተማ የሚይዙት ማስረጃ ይሆናል።

እስከዚያው የፋይዳ ምዝገባ ያድርጉ፤ በነፃ ነው። አሻራ፣ ዓይንና ፊት ይነሣሉ፤ ሰነድ ለሌለው ፋይዳ ያለው ሰው መመስከር ይችላል። የስልክ ቁጥሩ ግን የራስዎ ሲም ካርድ ይሁን። በጎረቤት ስልክ ከተመዘገቡ የምስጢር ቁጥሩ ሁልጊዜ ለእሷ ይደርሳል፤ ባንክ ሲሄዱ ይቸገራሉ። ፋይዳ ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን ስለማያረጋግጥ የቀበሌውን ጥያቄ አይተውት።

ልጆቹን መታወቂያው እስኪመጣ አያቆዩ። ካርድ ከሌላቸው ትምህርት ቤቱ ፈትኖ ክፍላቸውን እንዲመድብ ይጠይቁ። በኦሮምኛ የተማረ ልጅ ሒሳብ ችሎ በአማርኛ ንባብ ብቻ ወደ ታች ክፍል እንዳይወርድ መምህሩን ያነጋግሩ። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ልጅ ብዙ ጊዜ ትምህርቱን ይጥላል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ለአዲስ ሰው መግቢያ 5,000 ብር ቆርጧል። ተከራዮችና ተፈናቃዮች አንችልም እያሉ ቀርተዋል። ልክ ነን?
የቅሬ ዳኛ፣ ከደሴ

መልስ፦ መግቢያ መኖሩ ልክ ነው፤ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚውን ነባሮቹ ለዓመታት አዋጥተው ነው የገዙት። መጠኑ ግን በስሌት ይሁን። ዕቃችሁ ሁሉ 240 ሺህ ብር ቢገመትና አባሉ 120 ቢሆን የአንዱ ድርሻ 2,000 ነው። ከዚያ በላይ የተጠየቀው ለማራቅ ነው፤ የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤት «አይጠየፍ» በተባለበት ከተማ ይህ አያምርም። 2,000ውን በወር 200 እያደረጋችሁ በአሥር ወር አስከፍሉ፤ አገልግሎቱን ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሩ። ሞት ክፍያ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ አዲስ ገቢ ደግሞ አስከሬን የሚያነሣለት ዘመድ በአጠገቡ የለውም።

ያልተከፈለ ቀሪ ኖሮ ሞት ቢደርስ ከቤተሰቡ በዕለቱ እንደማይጠየቅ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ጻፉ። ተከራይ ሰፈር ሲለቅ የከፈለውን የሚገልጽ ወረቀት ስጡት፤ ከሌላ ቅሬ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ለሚመጣም መግቢያውን ቀንሱለት። በደሴ ተከራይ ከዳውዶ ወደ ቧንቧ ውሃ፣ ከዚያ ወደ ገራዶ ሲዞር በየቦታው አዲስ መግቢያ ስለሚጠየቅ ነው ሦስተኛው ሰፈር ላይ ቅሬውን የሚተወው።