«ቡቺ በረዶውን ሳያኝክ ይውጠዋል»

ጥያቄ

ይድረስ ለአምዱ ዶክተር፣

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ቡቺ የሚባል የ3 ዓመት ወንድ ውሻ አለን። እናቱ ያገራችን ውሻ ናት፣ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው ተብለናል፤ ክብደቱ 18 ኪሎ ገደማ ነው። ቀን ቀን ታስሮ የሚውለው ግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮ በተሠራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ግንቦት ከገባ ወዲህ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ይውላል፤ ምግቡንም ማታ ካልሆነ አይነካም።

ልጆቼ አዘኑለትና ሙዝ በወተት ደፍጥጠው፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምረው፣ በፍሪጁ የበረዶ መሥሪያ ፕላስቲክ አቀዘቀዙለት። ቡቺ ስድስቱንም ተራ በተራ ሳያኝክ ዋጣቸው። ወዲያው አስመለሰ፤ በማግሥቱ ደግሞ ተቅማጥ ያዘው። ሌላ ቀን የአጥንት መረቅ አቀዘቀዝንለት። እሱም እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሲቆረጥመው የሰማው ሁሉ ጥርሱን ይይዛል። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «በረዶ የበላ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ነው የሚሞተው፣ ተዪው» ይሉኛል።

እውነት ነው? ካልሆነስ ከምን ከምን፣ ምን ያህል አድርጌ ልሥራለት? ልጆቹ ላዩ ላይ ዘቢብና የኦቾሎኒ ቅቤ ማድረግ ይፈልጋሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የቀለጠው ተመልሶ ቢረጋ ይሰጠዋል ወይ? በእኛ ቤት የውሻ ዕቃ ከሰው ዕቃ ጋር አይነካካም፣ ስለዚህ በመፍጫ የሚሠራ ነገር አይሆንልኝም።

የቡቺ አሳዳጊ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

አብሽሩ፤ ቅዝቃዜ በራሱ የውሻ ሆድ አይነፋም። እትዬ የሚሉት ሕመም ግን አለ፣ ከባድም ነው። ጨጓራው በአየር ተወጥሮ ይጠመዘዛል፤ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ደረታቸው ጠለቅ ባሉ ትልልቅ ዘሮች ላይ ይበዛል። ብዙ ምግብ ወይም ውሃ በአንድ ጊዜና በጥድፊያ መዋጥ አንዱ አጋላጭ ነው። ሆዱ ተወጥሮ፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም የማይወጣው፣ አንድ ቦታ መቆም ያቃተው ውሻ ካዩ ሰዓት ሳይፈጁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። ቡቺ ግን ያስመለሰው ስድስት ኩብ በአንድ ትንፋሽ ስለዋጠ ነው። ተቅማጡን ያመጣው ወተቱ ሳይሆን አይቀርም፤ ያደገ ውሻ የወተትን ስኳር የሚፈጭበት አቅሙ ይቀንሳል፣ ያልተፈጨው አንጀት ውስጥ ውሃ ይስባል። የልጆቹ ስኳርም አላገዘውም።

መረቁ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ከሞላ ጎደል ውሃ ብቻ ስለሆነ ነው። ደረቅ በረዶ የሚቆረጥም ውሻ ከላይ ያለውን ትልቁን የመንጋጋ ጥርሱን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ያ ጥርስ ሥሩ ድረስ ከተሰነጠቀ በማደንዘዣ መነቀል ነው ዕጣው።

ስለዚህ የሚሠሩለት ነገር የሚላስ እንጂ የሚነከስ አይሁን። ምላሱ ላይ ቀስ እያለ የሚቀልጥ ከሆነ አይታነቅም፣ ጥርሱ አይጎዳም፣ ሆዱም አይደነግጥም። ለዚህ ሁለት ነገር ይበቃል፤ ዝርግ ዕቃና ወፈር ያለ ውህድ።

ኩብ የሚያወጣውን ፕላስቲክ ለቤት ይተዉት። ለቡቺ ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ የፕላስቲክ ሳህን ለብቻው ይግዙለት። ውህዱን 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ያፍሱበት። ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር እስከ አፉ አይሙሉት። የብረት ሳህን ከሆነ ከፍሪዘር እንደወጣ አይስጡት፣ እርጥብ ምላስ በጣም በቀዘቀዘ ብረት ላይ ይጣበቃል፤ 5 ደቂቃ ውጭ ይቆይ። የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ጠርዙ ምላስ ይቆርጣል፣ ታኝኮም ይዋጣል፤ አይጠቀሙበት። ከአዲስ አበባ የጎማ መጫወቻ የሚያስመጡ ሰዎች አሉ። እሱ ጥሩ ነው፤ ብቻ ቀዳዳው ሁለት መሆኑን ይዩ። ባለ አንድ ቀዳዳው አየር ስቦ ምላስ ይዞ የሚያስቀርበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ አሠራሩ። የመጀመሪያው በእርጎ ነው። ከተፈላ ወተት የተሠራ 600 ግራም እርጎ ይያዙ። ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለውሻም ቢሆን ይፍላ፤ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ የቆየ እርጎ እርሾ ጨምረው ሸፍነው ያሳድሩት። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም የገባበት አይሆንም፤ የታሸገ ጣፋጭ እርጎም እንደዚያው። እርጎውን በንጹሕ ሻሽ አድርገው ከጎድጓዳ ዕቃ በላይ 2 ሰዓት ያንጠልጥሉት። የወተቱ ስኳር አብዛኛው ያለው አጓቱ ውስጥ ስለሆነ፣ አጓቱ በወረደ ቁጥር ለቡቺ ሆድ ይቀላል። ውህዱም ይወፍርና ሲረጋ እንደ መስተዋት ሳይሆን ፍርፍር የሚል ለስላሳ ይሆናል። የቀረው 350 ግራም ገደማ ነው። በዚያ ላይ አንድ በደንብ የበሰለ ሙዝ (ተልጦ 120 ግራም) እና 100 ግራም ፓፓያ፣ ፍሬው ወጥቶለት፣ ለቡቺ በተለየ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ በሹካ ደፍጥጠው ያዋህዱ። መፍጫ አያስፈልግም። ሙዙ ጥቁር ነጥብ ያወጣ ቢሆን ይመረጣል። ይኸ 5 ድርሻ ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ 115 ግራም ገደማ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር በ3 ሰዓት ይረጋል።

አምስት ሳህን መግዛት የለብዎትም። የመጀመሪያው ሲረጋ የሳህኑን ቂጥ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ያላቁት፣ በፌስታል ጠቅልለው ይመልሱት፣ ቀጣዩን ያፍሱ። ሲሰጡት ሳህኑን በውሃ አርሰው የረጋውን ያስቀምጡበትና 15 ደቂቃ ፍሪዘር ይመልሱት፤ ይጣበቅለታል። ተነሥቶ ካልመጣ በአንድ ጊዜ አይዋጥም።

መረቁን ከወደደ ደግሞ በዱባ ያወፍሩለት። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ ያለበት አጥንት በ2 ሊትር ውሃ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ምንም ቅመም፣ በዝግታ እሳት 2 ሰዓት ይቀቀል። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ያላችሁ አንባቢዎች 2 ሰዓት ተኩል አድርጉት፤ እዚያ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሥጋው ይዘገያል። ኮምቦልቻ ላይ 94 ይደርሳል። (ለነገሩ የደሴ ውሻ ከጦሳ በሚወርደው ነፋስ በረዶ የሚያምረው በዓመት ጥቂት ቀን ነው።) አጥንቱን አጥልለው ይጣሉ፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። መረቁን ከነድስቱ ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያብርዱት፣ ፍሪጅ ያሳድሩት፣ ጠዋት ላዩ ላይ የረጋውን ስብ በሙሉ ያንሡ። ስብ የበዛበት ነገር የውሻን ጣፊያ አጠገብ ያለውን እጢ፣ ቆሽቱን ያስቆጣል። ከዚያ 300 ሚሊ ሊትር መረቅ ከ300 ግራም የተቀቀለና የተደፈጠጠ ዱባ ጋር ቀላቅለው እንደ መጀመሪያው በሳህን ያርጉት። የዱባው ቃጫ በረዶው ትልልቅ ሆኖ እንዳይጋገር ይከለክለዋል። ከድስት የተረፈ የወጥ መረቅ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሽንኩርት፣ ነጭም ቀይም፣ ቢበስልም ቢደርቅም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል።

መጠኑን በካሎሪ እንየው። እንደ ቡቺ 18 ኪሎ የሆነ ውሻ በቀን 980 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ከዕለት ምግቡ ውጭ የሚሰጠው ከዚህ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም ከ100 ካሎሪ ባይበልጥ ይመረጣል። የእርጎው አንድ ድርሻ 90 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ በቀን አንድ። የዱባው 20 ገደማ ብቻ ስለሆነ ሁለትም ሦስትም ይችላል፤ ለወፈረ ውሻ የምመርጠው እሱን ነው። ሆዱ ገና ስላገገመ የመጀመሪያውን ቀን የድርሻውን ሩብ ሰጥተው እስከ ማግሥቱ ይጠብቁ።

ዘቢቡን ነገር ልጆቹ ዛሬውኑ ይስሙ። ዘቢብና ወይን ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ኩላሊቱን ያቆማሉ። አንዱ ውሻ ብዙ በልቶ ሲተርፍ ሌላው በጥቂት ፍሬ ይሞታል፣ ስለዚህ «ትንሽ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም። በልቶ ካዩት በ2 ሰዓት ውስጥ ክሊኒክ ያድርሱት፣ እዚያ ያስመልሱታል። ቤት ውስጥ ጨው አያጠጡት። ቸኮሌት፣ ቡና፣ እንዲሁም «ስኳር አልባ» ተብሎ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ የገባበት ማስቲካና የዳቦ ቅባት በዚሁ መዝገብ ናቸው። ከመርሳ በኩል የሚመጣው ማንጎና ፓፓያ፣ ሃባብም፣ ፍሬና ልጣጩ ከወጣ ይስማሙታል።

የኦቾሎኒ ቅቤው ይቻላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ (30 ካሎሪ ገደማ) ሳህኑ ላይ በስሱ ይቀባ፣ የእርጎውን ድርሻ በዚያው ልክ ይቀንሱ። ጨውና ስኳር ያልገባበት ይሁን። ቤት የሚሠሩት ከሆነ ከመቁላትዎ በፊት የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸተውን ለቅመው ይጣሉ። ሻጋታው የሚያመርተውን አፍላቶክሲን መቁላት ጨርሶ አያጠፋውም፣ የውሻ ጉበት ደግሞ ለሱ በጣም ስስ ነው።

መብራትን በተመለከተ፣ ተመልሶ የረጋ ነገር ላዩን አይቶ አይታወቅም። በትንሽ ስኒ ውሃ አርግተው፣ በላዩ ባለ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠው ፍሪዘሩ ውስጥ ይተዉት። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ሳንቲሙ ላይ እንዳለ ከሆነ የቀለጠ የለም። መሐል ወይም ታች ወርዶ ካገኙት ቀልጦ ነው የረጋው፤ እርጎውንም መረቁንም ይድፉት። የሞላና ያልተከፈተ ትልቅ ፍሪዘር 48 ሰዓት ይይዛል፣ የተራ ፍሪጅ የላይኛው ክፍል ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ። አንድ ጊዜ የ5 ቀን ብቻ መሥራት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

አሰጣጡ ላይ፣ ከሮጠ ወይም ከተጫወተ በኋላ መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ፣ 30 ደቂቃ ይረፍ፣ ማለክለኩ ሲበርድ ያቅርቡለት። ሲጨርስ ሳህኑን ወዲያው አንሥተው ይጠቡ፣ ዝንብና ጉንዳን አይጠሩበት።

ይህን ሁሉ ብለን ግን የቡቺ ትልቁ ችግር ቆርቆሮው ነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፣ ላቡ ከመዳፉ በቀር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በቀትር የጋለ ቆርቆሮ አጠገብ የታሰረ ውሻን በቀን አንድ ሳህን በረዶ አያድነውም። ቤቱን ወደ ዛፍ ጥላ ይውሰዱት፣ ካልሆነ ከጣሪያው በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ትተው በእንጨት ላይ ሣር ወይም ሰሌን ይዘርጉበት። ሰንሰለቱ ጥላው በሚሄድበት ሁሉ የሚያደርሰው ይሁን። ውሃው በቀን ሁለቴ ይለወጥ፤ ለሱ ክብደት 1 ሊትር ዝቅተኛው ነው፣ በግንቦት እጥፉን ይቁጠሩ።

ሲያለከልክ ድዱ በጣም ቀልቶ፣ ለሀጩ ወፍሮ፣ እየተንገዳገደ ካዩት በረዶ አያቅርቡለት። ያ የሙቀት ምታት ነው። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ከ40 ካለፈ በቧንቧ ውሃ መላ ሰውነቱን ያርሱት፣ ያራግቡለት፣ 39.4 ሲደርስ ያቁሙና ወደ ክሊኒክ ይሂዱ። ራሱን የሳተ ከሆነ በአፉ ምንም አይስጡት።

ልጆቹም ይቅመሱት፤ በውህዱ ውስጥ ሰው የማይበላው ነገር የለም። ብቻ የእነሱን ድርሻ ከእርጎው ከሻሹ እንደወረደ በራሳቸው ዕቃ አስቀድመው ይለዩት፣ ስኳሩንም ዘቢቡንም እዚያው ላይ ይጨምሩበት።