መልስ፦ ማግኔታይቱ ላክቲክ አሲዱን ለምን አልያዘም?

ላክቲክ አሲድን ከውሃ ለመሳብ የተጠቀምክበት ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው ብረት ኦክሳይድ) አሲዱን ለምን እንዳልያዘልህ ጠይቀሃል። ችግሩ ናኖፓርቲክሉ (እጅግ ደቃቁ የማግኔታይት ቅንጣት) ላይ አይመስለኝም፣ ፒኤቹ (የፈሳሹ የአሲድነት መለኪያ) ላይ ነው። ፒኤች 8 ላይ ነው የሠራሁት ብለሃል። እዚያ ላይ ላክቲክ አሲድህ ፕሮቶኑን ጥሎ ኔጋቲቭ ሆኗል (ፒኬኤው፣ ማለትም የአሲዱ ግማሽ ፕሮቶኑን የሚጥልበት ፒኤች፣ 3.86 ገደማ ነው)፤ ያልተሸፈነ ማግኔታይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 መካከል የገጹ ቻርጅ ዜሮ ይደርስና ከዚያ በላይ እሱም ኔጋቲቭ ስለሚሆን፣ ሁለቱ ይገፋፋሉ እንጂ አይያያዙም። ወደ 5 አውርደህ ሞክረው። አሲዱ አሁንም ኔጋቲቭ ነው፣ የቅንጣቱ ገጽ ግን ፖዘቲቭ ይሆናል።

ብቻ በጣም እንዳታወርደው! ከ3 በታች ብረቱ ራሱ መሟሟት ይጀምራል። ሲትሪክ ወይም ኦክሳሊክ አሲድ አብሮ ካለማ፣ ብረቱን እየነቀሉ ስለሚወስዱት ጭራሽ ይብሳል።

ውሃህ ከፍሳሽ የመጣ ከሆነ ፎስፌቱን ለካ። ብረት ኦክሳይድ ላይ ከላክቴት (ፕሮቶኑን ከጣለው ላክቲክ አሲድ) ይልቅ በጣም ጠንክሮ ስለሚጣበቅ ቦታውን ሁሉ ይቀማሃል። መጀመሪያ በተጣራ ውሃ ሞክረህ ውጤቱን ብታወዳድር ጥፋተኛው ቶሎ ይታወቃል።

አሲዱን መልሶ ለማላቀቅ ቀጠን ያለ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይበቃል፣ ከዚያ ቅንጣቶቹን በማግኔት ሰብስበህ ፈሳሹን ትቀዳለህ። ግን ልብ በል፣ እጅህ የገባው ሶዲየም ላክቴት እንጂ አሲዱ አይደለም፤ አሲዱን ራሱን ከፈለግክ ሌላ የማጥራት ሥራ ይጠብቅሃል፣ ወጪውም ያለው እዚያው ላይ ነው (ሰው ይህን ሲረሳው ይገርመኛል)። ቅንጣቶቹን ለሚቀጥለው ዙር በደንብ እጠባቸው፣ አታድርቃቸው ግን። ከደረቁ ተጣብቀው ይጓጉላሉ፣ መልሶ መበተኑም አስቸጋሪ ነው።