ሰማያዊውን ተዪና አመድማውን እዪ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ግቢያችን ሣሩ ላይ ጥፍሬን የምታክል ሰማያዊ ቢራቢሮ ትበራለች። ልክ ስታርፍ ግን ትጠፋብኛለች። ትንሿ ልጄ «የትልቋ ቢራቢሮ ልጅ ናት» ትላለች። እኔ ደግሞ የእሳት እራት ትመስለኛለች። ማናችን ነን ልክ? ስሟንስ እንዴት ላውቅ እችላለሁ? (አንዲት እናት፣ ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁም አላገኛችሁትም። ልጅሽ ላይ ግን አትፍረጂ፤ እንደ እሷ የሚያስብ ትልቅ ሰው ሞልቷል። ቢራቢሮ ክንፍ ካወጣች በኋላ አታድግም። የምታድገው ትል ሳለች ነው። ስለዚህ ያየሽው ያለቀለት ጎልማሳ ነው። «እሷ» አልን እንጂ፣ ሰማያዊ ሆኖ ከታየሽ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። ሴቷ ወደ ቡናማ ታደላለች።

የእሳት እራት ላልሽው፣ አንቴናውን፣ ማለትም ራሱ ላይ የቆሙትን ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች እዪ። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ያብጣል። የእሳት እራት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ላይ እብጠት የለውም።

አሁን ወደ መጥፋቱ እንምጣ። ሰማያዊው የክንፉ የላይኛው ገጽ ነው። ሲያርፍ ክንፎቹን ገጥሞ ያቆማቸዋል፤ ያኔ የሚታይሽ አመድማው የታችኛው ገጽ ብቻ ነው። ደረቅ ሣር ውስጥ ማን ያየዋል!

ሰው ሁሉ ሰማያዊው ላይ ያፈጣል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ስም ለመለየት ብዙም አይጠቅምም። ያየሽው ቢራቢሮ የሚመደብበት፣ ሊካኒዴ የሚባለው የቢራቢሮ ቤተሰብ በዓለም ላይ ከ5,000 በላይ ዝርያ አለው፤ ከነዚህ ስንቱ ሰማያዊ ነው! መታወቂያው ያለው አመድማው ገጽ ላይ፣ ነጠብጣቦቹ ዘንድ ነው።

መጀመሪያ የኋላ ክንፉን ጫፍ እዪ። ቀጭን ጭራ አለ? አጠገቡስ ዓይን የሚመስል ጥቁር ነጥብ? የታችኛው ገጽ በቡናማና በነጭ ሞገድ ከተሸነተረ ላምፒደስ ቦኤቲከስ የሚባለው ዝርያ ሊሆን ይችላል። አተርና ባቄላ አካባቢ አይጠፋም፤ ትሉ አበባውንና እሸቱን ይበላል። ሲያርፍ የኋላ ክንፎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያፋትግ ቆመሽ ተመልከቺ። ጭራዎቹ አንቴና፣ ነጥቦቹ ዓይን መስለው ይንቀሳቀሳሉ። ወፍ ጭንቅላቱ መስሏት የክንፉን ጫፍ ነክሳ ትቀራለች። ጫፉ የተቦጨቀ ካየሽ እንግዲህ ምን እንደገጠመው ገባሽ።

ጭራ ከሌለውና መሬት ለመሬት የሚበር ከሆነ ደግሞ «የሣር ሰማያዊ» የሚባሉትን ደቃቅ ዝርያዎች ጠርጥሪ። ከነሱ ትንሹ ዚዙላ ሃይላክስ ነው። ክንፉ ተዘርግቶ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚመሳሰለው ዚዜሪያ ክኒስና ነው። ሁለቱን ለመለየት የፊት ክንፉን የታችኛ ገጽ መሐሉን አጉልተሽ እዪ፦ ዚዜሪያ እዚያ አንድ ጥቁር ነጥብ አለው፣ ዚዙላ የለውም። በዓይን ብቻ አይሆንም፤ ፎቶ ያስፈልጋል።

ለፎቶው ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ውጪ። ገና ፀሐይ እየሞቁ ስለሆነ ቶሎ አይበሩም። ጥላሽ እንዳያርፍባቸው ተጠንቀቂ፣ ጥላ ሲነካቸው ብድግ ነው። ተንበርከኪና ስልክሽን በክንፉ ትይዩ ያዢ፤ ከላይ ሆነሽ ካነሳሽ ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚወጣልሽ። ዝናብ ባባራ ማግስት ደግሞ እርጥብ ጭቃ ያለበትን ፈልጊ፤ ወንዶቹ ጨው ፍለጋ ይሰበሰባሉ።

ፎቶውን አይናቹራሊስት የሚባለው ነጻ አፕ ላይ ከነቦታውና ከነቀኑ ጫኚው። አፑ ስም ይጠቁምሻል፣ ሌሎች ተጠቃሚዎችም ያርሙታል። የመጀመሪያውን ጥቆማ ግን ዝም ብለሽ አትቀበዪ። ለእንደዚህ ዓይነት ደቃቆች አፑም ይሳሳታል። ነጥቡ ካልታየ «ሊካኒዴ» ብለሽ ተዪው።