የፊት ፎቶ ጠላት ሊፈጥር ይችላል ወይ? (መልስ)

አዎ፣ ይችላል ወንድሜ። በፈረንጆቹ 1941 የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር የሆነው ፐርል ሃርበር በጃፓን ከተመታ በኋላ፣ የአሜሪካው ላይፍ መጽሔት የአንድ ቻይናዊ ባለሥልጣንና የጃፓኑን ጠቅላይ ሚኒስትር የቶጆን ፎቶ አወጣ። ፊታቸው ላይ ማብራሪያ እየጻፈ፣ አንባቢው ወዳጁን ቻይናዊ ከጠላቱ ጃፓናዊ በአፍንጫና በጉንጭ እንዲለይ አስተማረ። በጣም ያሳዝናል!

በ1942 አሜሪካ ውስጥ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች በግድ ወደ ካምፕ ተጋዙ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። መንግሥት ሁኔታውን በፎቶ እንድትመዘግብ ፎቶ አንሺዋን ዶሮቲያ ላንግን ቀጠረ። እሷ ግን ያሳየችው ጠላት ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ ልብሳቸው ላይ የመለያ ቁጥር የተንጠለጠለ ሕፃናት፣ ዕቃቸውን ይዘው አውቶብስ የሚጠብቁ አዛውንት። የጦር ሠራዊቱ ፎቶዎቹን ጦርነቱ እስኪያልቅ ከሕዝብ ደብቆ አቆያቸው።

የእሷን ፎቶዎች ስታይ ከግርጌያቸው የጻፈችውንም አንብብ። ስለ ሰዎቹ ሥራና ኑሮ ትነግርሃለች፤ ላይፍ የነገረን ስለ አፍንጫቸው ነበር።